ዛፎቹ አላዘኑለትም

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ የሞተ ዓመት፣ እኔ ጥቁር ለብሼ ወደ ጫካው ላይኛው ጫፍ ሳልወጣ በቆየሁበት በጋ ነው። ስሙን አልጽፍም። አገሩ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ ባያውቀው ምንም አይቀርበትም። እሱ ራሱ በሕይወት አለ። ዓይኑ ደክሟል ይላሉ፤ ሰው ካነበበለት ግን አይከፋኝም።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። ንዴቱ አልፏል። አሁን ያለሁት ከባድ እንጨት ተሸክሞ መጥቶ፣ አውርዶ፣ አንገቱን እንደሚያሽ ሰው ነው። ሸክሙ ግን የማን እንደነበረ መነገር አለበት።

እኔ የሚዛን ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር። ባሌ ቤንች ነው፤ ከሸዋ ቤንች ወደ ላይ፣ ተራራው ሥር ካለ ቀበሌ። ሲያገባኝ የእኔም የእሱም ዘመዶች አኩርፈው ነበር። የእኔዎቹ ቶሎ ተዉት። የእሱ ወንድም ግን እስከ መጨረሻው «የከተማዋ» ከማለት አልተመለሰም። የምኖርበት ቤት ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ፣ የተከልኩት አቮካዶ አርጅቶ፣ እኔም ሸብቼ፣ ለእሱ ትናንት ከአውቶቡስ የወረድኩ ነበርኩ።

በዚያ አገር ጫካ ባለቤት አለው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከወንዙ ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣ፣ ጠባብና ረጅም ድርሻ አለው። ድንበሩን አያቶች ያውቁታል፤ አባቶች ያስታውሱታል፤ ልጆች ይጣሉበታል። ተራራው ጥብቅ ደን ከተባለ ወዲህ ላይኛው ክፍል ማንም እንዳይነካው ሆነ። ከዚያ በታች ያለው ለደን ማኅበሩ ተሰጠ። ኮሮሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም መልቀም፣ የጫካ ቡና መሰብሰብ፣ ቀፎ መስቀል ይቻላል። ዛፍ መቁረጥ አይቻልም። መመንጠር አይቻልም።

የእኛ ድርሻ የባሌ ነበር፤ እሱ ሲሞት የእኔ ሆነ። የምተዳደረው ከዚያ በምለቅመው ኮሮሪማ ነው። ኮሮሪማ ጥላ የሚወድ ተክል ነው። ቅጠሉ ከሰው ትከሻ በላይ ይቆማል፤ ፍሬው ግን ከሥሩ አጠገብ፣ እርጥብ መሬት ላይ፣ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ለመልቀም ማጎንበስ ያስፈልጋል። ወገቤን ያሳመመኝ እሱ ነው፤ ያኖረኝም እሱ ነው።

ከድርሻው ላይኛው ጫፍ፣ ጥብቁ ደን ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ውሃ የሚወርድበት ገደል አለ። በገደሉ ውስጥ ዛፍ የሚያህል፣ ፈርን የሚባል ተክል ይበቅላል። ግንዱ ጥቁርና ሸካራ ነው፤ አናቱ ላይ ቅጠሉ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ይዘረጋል። ባሌ እንዳገባኝ መጀመሪያ ያሳየኝ የእናቱን ቤት አይደለም፤ እዚያ ነው የወሰደኝ።

«ምን ይጠቅማል?» አልኩት። የከተማ ጥያቄ ነበር።

«አይነድም፤ አይበላም፤ ቤት አይሠራም» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያለው።»

ከዚያ ከሥሩ ቆምን። ውሃው ከቅጠሎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልጅ አልነበረንም። ስለዚህ ነገርም ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ወንድምየው ግን ያሰበው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ መነገር አለበት።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ፤ እሱም የቀፎ ቅርፊት ነው። ቀፎ የሚሠራ ሰው ዝናብ እንዳይገባበት በዛፍ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ቅርፊቱን ከቆመ ዛፍ ይልጣል፤ ይህ የተፈቀደ ነው፤ ማኅበሩም አልከለከለውም። ግን ሥርዓት አለው። የሚላጠው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። «ግማሹ የዛፉ ነው» ይላሉ። ከአንድ ወገን የተላጠ ዛፍ ይድናል፤ ቁስሉ ዙሪያውን አብጦ ይዘጋል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ግን ቆሞ ይሞታል። ይህን በቀበሌያችን የማያውቅ ሰው የለም። ስለሚያውቁም ማንም ያደርገዋል ብለው አያስቡም ነበር። የደን ጠባቂዎቹ ሲዞሩ የሚፈልጉት ጉቶ ነው። ጉቶ ካለ ዛፍ ተቆርጧል፤ ጉቶ ከሌለ ሰላም ነው።

ባሌ በሰኔ ሞተ። ዓመቱን ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ፣ ላይኛው ጫፍ አልወጣሁም። ጉልበቴም እሺ አላለኝም፤ ብወጣም ገደሉን ማየት አልፈልግም ነበር። ከታች፣ ከወንዙ አጠገብ ያለውን ኮሮሪማ ብቻ እየለቀምኩ ከረምኩ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ደግሰን ሰው ተሰበሰበ። ወንድምየው ከድንኳኑ መሀል ተነስቶ ተናገረ። ድምፁ ሲናገር ደስ ይላል፤ ይህን አልክደውም።

«ላይ ወጥቼ ነበር» አለ። «በወንድሜ ጫካ ውስጥ ዛፎች ደርቀዋል። ትልልቆቹ። አንድም ሰው አልነካቸውም፤ ቆመው ነው የደረቁት። እንግዲህ ምን ልበላችሁ? ሰው ብቻ አይደለም ያዘነለት። ዛፎቹም አዘኑለት።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ባሌን ዛፍ እንኳ አልረሳውም ብዬ ነው ያለቀስኩት። ለብዙ ጊዜ፣ ማታ ስጸልይ፣ እነዚያን ዛፎች አስብ ነበር። መጥፎ ሐሳብ ሲመጣብኝ በእነሱ እጽናና ነበር።

ያንኑ ሰሞን የራሱን ቀፎ አምጥቶ በባሌ ዛፍ ላይ ሰቀለ። የባሌ ዛፍ የምለው እሱ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረ፣ ከድርሻችን መሀል የቆመ ትልቅ ቀረሮ ነው። በእኛ አገር ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉን ይዟል ማለት ነው። ሰዎች አዩ፤ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ወንድሙ ነው፣ ለመታሰቢያ ይሆናል ብዬ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ላይኛው ጫፍ ላይ የወፍ ቆሎ መጣ።

የወፍ ቆሎን የማያውቅ የለም። አበባው ቢጫና ሮዝ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ግንዱ ይቧጥጣል፤ ቅጠሉ ሲጨፈለቅ ይሸታል፤ ከብት አይበላውም። ስለዚህ ከሚዛን እስከ ቴፒ ድረስ አጥሩ ሁሉ እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ አጥር እሱ ነው፤ የጤና ጣቢያው እሱ ነው፤ የእኔም ነበር። ፍሬውን ወፍ ይለቅማል፤ ጫካ ገብቶ ይጥለዋል። ጫካ ውስጥ ግን ጥላ ስላለ አይበቅልም። ፀሐይ ያገኘበት ቦታ ነው የሚይዘው፤ ከያዘ ደግሞ ሌላ ነገር ከሥሩ አያስበቅልም።

ባሌ ከሞተ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥር ወር የደን ማኅበሩ ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ያኔ ወንድምየው ነበር። የወረዳዋ የደን ባለሙያም መጥታ ነበር፤ ለሰው የምታስብ ወጣት ሴት ናት። መጤ አረሙ ወደ ጥብቁ ደን እየተጠጋ መሆኑን፣ ገደሉ ውስጥ ያለው ፈርን ብርቅዬ በመሆኑ አረሙ ሳይደርስበት መነቀል እንዳለበት ተናገረች። ማንንም አልወቀሰችም። የወቀሰው እሱ ነው።

«አረሙ ያለው በማን ድርሻ ውስጥ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያውቀዋል እኮ።

ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ከየት መጣ?» አለ ቀጥሎ። «የእኛ ተክል አይደለም። እንግዳ ተክል ነው። እንግዳ ተክል ደግሞ ከእንግዳ ሰው ግቢ ነው የሚነሳ። አጥሯን እዩት።»

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አጥር ከምን የተሠራ ነው?» አልኩት።

«የእኔ የተከረከመ ነው» አለ። አሁን ሁሉም ሳቀ።

የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ድርሻውን ከአረም መጠበቅ ያልቻለ አባል ድርሻው ለአዋሳኙ ይሰጣል ይላል። አዋሳኙ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ሚያዝያ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ሁሉም ወጥቶ እንዲነቅል፣ ከዚያ በኋላ ድርሻው እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረበ። «ምስኪን ናት፤ ጉልበት የላትም፤ እኛ እንሸከምላት» አለ። ይህ «ምስኪን» የሚለው ቃል ከስድቡ ሁሉ ይበልጥ አቃጠለኝ። ባለሙያዋ «ውሳኔው ከንቀላው በኋላ ቦታው ታይቶ ይሁን» ብላ አስመዘገበች። በዚያ ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

ድርሻው ከተወሰደ መተዳደሪያዬ ይሄዳል። ከዚያም በላይ ገደሉ ይሄዳል። ወደ ገደሉ ለመውረድ የባሌን ወንድም ፈቃድ ልጠይቅ ነው ማለት ነው። ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ይህንን ነበር።

ሚዛን ገበያ ውስጥ ኮሮሪማዬን ሁልጊዜ የምትገዛኝ ነጋዴ አለች። ቤተሰቦቿ ከጅማ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ አብረን ነው ያረጀነው። ጆንያዬን ከፍታ እጇን ከተተች፤ አንድ ፍሬ ሰብራ አሸተተች።

«ሽታው አለ፤ ብዛቱ የለም» አለች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽም እንደ ጆንያሽ ጎድሏል።»

ነገርኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ከሰው ጋር ይካሰሳል፤ አንቺ ከወፍ ጋር ተካሰሽ?»

«ከወፍ ጋር ሳይሆን ከባሌ ወንድም ጋር ነው።»

«ወላሂ፣ ወፉ ይሻልሽ ነበር።»

ሳቅኩ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ንቀላው ዕለት ቤት ትቀመጫለሽ?» አለችኝ።

«ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ሊስቁብኝ?»

«ይሳቁ። ሂጂና መሀላቸው ቁሚ። ሌባ እንኳ ባለቤቱ እያየው እጁ ይንቀጠቀጣል።» ከመደርደሪያዋ ሥር ወፍራም የቆዳ ጓንት አውጥታ ሰጠችኝ። የባሏ ነበር፤ ሽቦ የሚጎትትበት። «ይህ አረም እጅ ይቧጥጣል። እጅሽ ሳይደማ ንቀይ። ደምሽን አያይብሽ።»

ሚያዝያ መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቷል። ገጀራና ዶማ የያዘ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ሴቶችም ወጡ። ጉልበቴን በሻሽ አስሬ፣ ጓንቴን አድርጌ፣ በእንጨት እየተመረኮዝኩ ከኋላ ተከተልኩ። ላይኛውን ጫፍ ስደርስ ቦታውን አላወቅሁትም። እኔ የማውቀው ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ከላይ ጉሬዛ የሚጮህበት ጫካ ነበር። አሁን ሰማይ ይታያል። ሙት ዓመቱ ላይ የተወራላቸው ስድስት ደረቅ ዛፎች ቅጠል አልባ ሆነው ቆመዋል፤ ከሥራቸው የወፍ ቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ እንደ ግድግዳ ሆኗል። አበባው ያምራል። አበባው ማማሩ ራሱ አናደደኝ።

ወንድምየው ከፊት ቆሞ ያዝዛል።

«ከሥሩ! ቅጠል የቆረጠ ሰው አልሠራም! ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ከሥሩ!»

እውነቱን ነው፤ ከሥሩ ካልተነቀለ ይመለሳል። ይህን ያህል ትጋት ከየት አመጣው ብዬ ተገረምኩ። አሁን ሳስበው የቸኮለው ድርሻው በንጽሕና እንዲደርሰው ይመስለኛል። አምስት ክረምት አልፎበት የሠራውን ረስቶትም ይሆናል። ሰው የራሱን ነገር ይረሳል፤ የሰውን ነው የማይረሳው።

ከጎኔ የምትነቅል ጎረቤት አለችኝ፤ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው። እሷ ናት መጀመሪያ ያየችው። ከተነቀለው አረም ሥር የደረቀ የቡና ችግኝ አገኘች። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥ ባለ መስመር።

«ኑ፣ ኑ! እዩልኝ!» ብላ ጮኸች። «ወፏ ቡናም ተክላለች! እንዴት ያለች ባለሙያ ወፍ ናት እናንተ፤ በመስመር የምትተክል!»

ሰው ተሰብስቦ ሳቀ። የጫካ ቡና በመስመር አይበቅልም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ ምክንያቱም ሰው «ታዲያ ማን ተከለው?» ብሎ ማሰብ ጀመረ። ፊቴን አዩ። እኔ ቡና ተክዬ አላውቅም። ኮሮሪማ ባለበት ቦታ ፀሐይ የሚያስገባ ሰው እብድ ነው።

«ንቀሉ እንጂ! ምን ታያላችሁ!» አለ ወንድምየው። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

አረሙ ከዛፎቹ ሥር እየተነቀለ ሲሄድ ግንዶቹ ተገለጡ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ፣ ዕድሜውን በሙሉ ቀፎ የሠራ ሰውዬ፣ ገጀራውን መሬት ላይ አኖረ። ወደ አንደኛው ግንድ ሄደ። ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ የተላጠ ቦታ ነበር፤ የመጥረቢያው ምት ከላይና ከታች እንደ ቀበቶ ጠርዝ ይታያል። መዳፉን እዚያ ላይ አሳረፈና ሳያነሳ ዛፉን መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጀርባው ጎብጧል። ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ደረሰ። እጁን አነሳ። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄደ። እንደገና ዞረ። የውሃው ድምፅ ከገደሉ ይሰማ ነበር።

ስድስተኛውን ጨርሶ ወደ ሰው ዞረ። በቤንችኛ ተናገረ።

«ግማሹ የት አለ?»

ወደ ተላጠው ግንድ እያመለከተ ደገመው።

«ግማሹ የዛፉ ነበር። የት አለ?»

«በሽታ ነው አባባ» አለ ወንድምየው። «ያኔ ዛፍ ያደረቀ በሽታ ነበር።»

«በሽታው መጥረቢያ ነበረው?» አለው ሽማግሌው።

ጎረቤቴ የደረቀውን ችግኝ እያሳየች፣ «ይህ ያኔ ከወረዳ የመጣው ረጅሙ የቡና ዓይነት አይደለም እንዴ? ለእኛ አልደረሰም ተብሎ ሰብሳቢው ቤት የገባው?» አለች። አጠገቧ የነበረ ሰው «ዝም በይ» አላት። «ለምን ዝም እላለሁ? እጄን ያደማው እኮ የእሱ ሥራ ነው!» አለችና እጇን ዘርግታ አሳየችው። ነገሩ ተገለጠ፤ ጉቶ እንዳይታይ ዛፎቹን ልጦ ያደረቃቸው ለቡናው ፀሐይ ለማስገባት ነበር፤ ፀሐዩን ግን አረሙ ቀደመው።

ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ሙት ዓመቱ ላይ ዛፎቹም አዘኑለት ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

እርስዎ ማለቴን የተውኩት ያን ቀን ነው።

መሬት መሬቱን አየ። «ጫካው የወንድሜ ነው። ልጅ አልተወም። ባዶውን ይቅር?» አለ። ለእኔ አይደለም የተናገረው፤ ለሽማግሌው ነው። ሽማግሌውም ገጀራውን አንስቶ አረሙን መንቀል ቀጠለ። ሁሉም ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ። ጓንቴ በጣም ጥሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ወደ ገደሉ ወረደች፤ እኔንም «እማማ፣ ይያዙኝ» ብላ እጄን ይዛ አወረደችኝ። አረሙ እዚያም ገብቶ ይሆናል ብዬ እየፈራሁ ነው የወረድኩት። አረሙ ገደሉ አፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በታች ዛፎቹ አልተነኩም፤ ጥላው እንዳለ ነው። ፀሐይ ስላላገኘ አልተሻገረም። ፈርኖቹ እዚያው ነበሩ። አንዷ ከማውቃት በላይ አድጋለች። ከሥሯ አዲስ ቅጠል እንደ ጡጫ ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። «ደክሞኝ ነው።»

ድካም አልነበረም። ሰው ለብዙ ጊዜ ትከሻውን ሰቅሎ ኖሮ ሲያወርደው የሚመጣ ነገር ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቦታ መቀመጤ የመጀመሪያዬ ነበር። ውሃው እንደ ድሮው ይንጠባጠባል። ዛፎቹ ለባሌ እንዳላዘኑ አወቅሁ፤ በዚያም አላዘንኩም። ሐዘኑ የእኔ ብቻ ነበር፤ የእኔ ብቻ መሆኑ ይሻለኛል።

በሳምንቱ ማኅበሩ ተሰብስቦ ድርሻው በእኔ እጅ እንዲቆይ ወሰነ። ሰብሳቢነቱን ከእሱ ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የራሳቸውን ፈረዱ፤ ለሞተው ለያንዳንዱ ዛፍ የዚያኑ ዛፍ ዓይነት ችግኝ ከጫካው እያፈላለገ ተክሎ፣ እስኪጸድቅ እንዲንከባከብ። ባህር ዛፍ አይቆጠርም አሉ። ይህንን ያሉት እሱን ስለሚያውቁት ነው። ተክሏል። ስድስቱም ጸድቀዋል፤ ክፉ ሰው የተከለው ዛፍም ይጸድቃል። ጥላ እስኪሆኑ እኔ አልደርስም። ኮሮሪማው ግን ጥላ ከተረፈበት ጥግ ተነስቶ ወደ መሀል መመለስ ጀምሯል፤ ባለፈው መስከረም ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቀይ ፍሬ ይዟል። ሚዛን ወስጄ ለነጋዴዋ ስሰጣት ሰብራ አሸተተችና፣ «ወፏ ታረቀችሽ?» አለችኝ።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ ወደ ቤቴ ላኩ። ተቀብዬ አስተናገድኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሰውዬውን ግን ቤቴ አላስገባሁም፤ ቤቱም አልገባሁም። ለልጁ ሠርግ ተጠራሁ፤ አልሄድኩም። ሰዎች «ክፉ ናት» ይላሉ። ክፉ መባል ምስኪን ከመባል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህ ነው። የግቢዬን የወፍ ቆሎ አጥር በሙሉ ከሥሩ አስነቅዬ አቃጠልኩት፤ በቦታው እሾህ የሌለው ቀርከሃ አጠርኩ። ማር ከተቆረጠ በኋላ፣ ዛፍ የሚወጣ ሰው አስመጥቼ ወንድምየው በባሌ ቀረሮ ላይ የሰቀለውን ቀፎ አስወረድኩ። ባዶ ነበር። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ቁልቁል ወረድኩ። በቀን ነው፤ ሰው ያየኛል። ወንድምየው ደጅ ላይ አስቀመጥኩት። አልጠራሁትም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።